ጥያቄያችሁ ወረዳ ላይ እንዳይሞት፦ ፓርቲውን፣ ማህበራቱንና ሚዲያውን በየትኛው ቅደም ተከተል ትይዛላችሁ

ይሄን የምጽፈው ስለሰለቸኝ ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ በየዓመቱ ያው ነው፤ ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲሞላ ሰው ይሰበሰባል፣ "ድልድይ ይሠራልን" ተብሎ ሦስት መቶ ምናምን ፊርማ ይወጣል፣ አምስት ሽማግሌ ይዞት ወረዳ ይሄዳል፣ "ተመርቷል" ተብሎ ይመለሳል፣ ከዛ ዝም። ጥቅምት ላይ ወንዙ ሲጎድል ጥያቄውም አብሮ ይጎድላል። ወይ ደሞ አንዱ ልጅ ተናዶ ፌስቡክ ላይቭ ይገባል፣ ነገሩ ፖለቲካ ይሆናል፣ ኮሚቴው ይበተናል፣ ድልድዩም የለም።

እኔ በሦስት ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁለቱ ከሽፈዋል። የከሸፉት ጥያቄው ልክ ስላልነበረ አይደለም። የተሳሳተ በር፣ የተሳሳተ ወር፣ ቁጥር የሌለው ወረቀት፣ በቃ እነዚ ናቸው። እዚ የምጠቀመው ምሳሌ የእግረኛ ድልድይ ነው ግን ለውሃም፣ ለትራንስፎርመርም፣ ለማዳበሪያም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማን እንደሚወስን ለዩ

ቀበሌ ገንዘብ የለውም። ቀበሌ የሚሰጣችሁ ማህተምና ድጋፍ ደብዳቤ ነው፣ እሱን ተቀበሉና እለፉ፣ እዛ ስድስት ወር አትቀመጡ። በጀት የሚያጸድቀው የወረዳ ምክር ቤት ነው። ብዙ ሰው ከወረዳ ሲመለስ ቀጥታ ዞን ይሄዳል፣ ደብረ ማርቆስ ወይ ፍኖተ ሰላም፣ ግን ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ላይ ዞኑ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፣ የክልሉ ክንድ ነው፣ ይከታተላል ያስተባብራል እንጂ በጀት የሚያጸድቅ ጉባኤ የለውም (አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ላይ ምክር ቤት አለ፣ እሱ ሌላ ነው)። ስለዚ ዞን የምትሄዱት ወረዳውን እንዲጠይቅላችሁ እንጂ ብር እንዲሰጣችሁ አይደለም። ይሄን ሳታውቁ ከሄዳችሁ የትራንስፖርት ብራችሁን ነው የምትጨርሱት።

ባጭሩ እንዲ ያዙት፦

- የጎጥ መንገድ፣ የእግረኛ ድልድይ፣ የገጠር ውሃ፣ ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት፦ መጀመሪያ ወረዳ፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ክልል ቢሮ።
- በከተማችሁ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት፦ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ፌደራል ነው።
- ትራንስፎርመርና የመብራት መስመር፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ እሱም ፌደራል ነው፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል እንጂ ማዘዝ አይችልም።
- ማዳበሪያ፦ ከውጭ የሚገዛው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን፣ የሚያመጣው የገበሬዎች ህብረት ሥራ ዩኒየኑ (እንደየአካባቢው ዳሞት፣ ጎዛምን፣ መርከብ ሊሆን ይችላል)፣ የሚያድለው የቀበሌው መሠረታዊ የህብረት ሥራ ማህበር።

2015 ላይ ማዳበሪያ ሲጠፋ ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኋል። መጮሁ አይፈረድበትም፣ ግን ግዢው የሚታዘዘው ገና ክረምቱ ሳይታሰብ ነው፣ ሰኔ ላይ የሚጮህ ሰው የሚጠይቀው የደረሰውን ድርሻ ክፍፍል እንጂ ግዢውን አይደለም። የትኛው ሰንሰለት ላይ እንደተበጠሰ ሳታውቁ ጥያቄ አትጻፉ።

ወሩን ለዩ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ ጽ/ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚሰበስቡት ከዛ በፊት በነበሩት ወራት ነው፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይጸድቃል። ስለዚ ደብዳቤያችሁ ከየካቲት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ መግባት አለበት፣ ሚያዝያ ካለፈ እያመለጣችሁ ነው።

እኛ የመጀመሪያውን ያስገባነው ነሐሴ ላይ ነው፣ አንድ በሬ ወንዙ ወስዶ ሁሉም በተቃጠለበት ሳምንት። የፋይናንስ ሰውዬው በሥርዓት ነው የተቀበለን፣ ወንበር ሰጥቶናል፣ ከዛ "አባቶቼ፣ የዘንድሮው እኮ ተከፋፍሎ አልቋል፣ ለከርሞ አስታውሱኝ" አለ። ለከርሞ ማንም አላስታወሰም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አንድ አድርጉት

አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጥያቄ። "ድልድይ፣ ውሃ፣ መብራት፣ የመልካም አስተዳደር ችግር" ብላችሁ ስትዘረዝሩ ደብዳቤው አራት ጽ/ቤት ይመራል፣ አራቱም ሌላኛው ይመልሳል ብሎ ይተኛል። ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉንም ብሶት ያወጣል፣ ያውጣው፣ አትከልክሉት፣ ግን መጨረሻ ላይ አንዱ ተመርጦ በድምጽ ይወሰን።

ካልተስማማችሁ፦ "ዘንድሮ ባይሠራ ሰው የሚሞትበት የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዛው ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ኮሚቴ

ከ5 እስከ 7 ሰው። ከዛ ከበለጠ ስብሰባ አይሞላም። ማን ማን ይግባ ለሚለው የኔ ምርጫ፦

- በዕድሩ የሚታመን አንድ ሽማግሌ
- አንድ ቄስ ወይ የሃይማኖት አባት
- መምህር ወይ የጤና ባለሙያ (ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው)
- ቢያንስ ሁለት ሴት፣ ለይስሙላ አይደለም፣ ውሃውንም ወንዙንም በቀን ሦስቴ የሚያውቁት እነሱ ናቸው
- ስልክ በደንብ የሚጠቀም ወጣት
- የገዥው ፓርቲ አባል የሆነ አንድ ሰው

የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስቆጣል። "ሰላይ ልናስገባ ነው?" ይሉኛል። እናንተ የምትደብቁት ምን አለ? ድልድይ ነው የምትጠይቁት። ስለሱ ደረጃ 6 ላይ እመለሳለሁ። ሁሉም የፓርቲ አባል ከሆነ ግን ተበላሽቷል፣ ጥያቄው "የአመራሩ ሪፖርት" ይሆናል።

አታስገቡ፦ በቀጣዩ ምርጫ ልወዳደር የሚል ሰው፣ ማይክ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰው፣ ከወረዳው ኃላፊ ጋር የግል የመሬት ክርክር ያለው ሰው። ሦስተኛው በተለይ፤ ጥያቄያችሁን በሙሉ "የእሱ ቂም ነው" ብለው ይዘጉበታል።

ቃለ ጉባኤ ያዙ። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች፣ የተወሰነው ነገር፣ የተወከሉት ስም፣ ፊርማ። ዕድሩ ራሱ መጠየቅ ከፈለገ ይችላል፤ የሲቪል ማህበራት አዋጅ 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን ስለማይመለከት "መጀመሪያ ተመዝገቡ" ብሎ የሚመልሳችሁ ካለ በትህትና ይሄን ንገሩት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትን ከሰላማዊ ሰልፍ መብት ጋር አብሮ ጽፎታል።

ማስጠንቀቂያ። ያለንበትን ጊዜ ታውቃላችሁ። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ብዙ ወረዳችን ሰላም የለውም። ስለዚ ስብሰባው በቀን፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይ ዕድር ቤት። አስቀድማችሁ ለቀበሌው በወረቀት አሳውቁ። ከየትኛውም የታጠቀ ወገን ጋር ስማችሁ እንዳይነሳ፣ "እነ እገሌም ይደግፉናል" የሚል ወሬ ከውስጣችሁ ከወጣ እዛው ቁረጡት። መንገዱ ካልተከፈተ ወይ አካባቢው ከተረበሸ ደሞ ጠብቁ፣ ድልድዩ ከሰው አይበልጥም።

ደረጃ 3፦ ማስረጃና ፊርማ

ማስረጃው ቁጥር ይሁን። ስንት ተማሪ ይሻገራል (ከትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ውሰዱ)፣ ስንት አባወራ፣ በክረምት ስንት ሳምንት መሻገሪያ ይዘጋል፣ ለመውለድ የደረሰች እናት በየት ዞራ በስንት ሰዓት ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ፎቶ በሁለት ወቅት፦ በጋና ክረምት፣ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ፣ አንድ ሰው ለመጠን እንዲቆም አድርጋችሁ። ወታደርም፣ ኬላም፣ የፖሊስ መኪናም ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ።

ፊርማው ላይ ነው ሰው የሚወድቀው፣ እኛም ሁለተኛው ላይ የወደቅነው እዚ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ 260 ሰው አስፈርመን ከደብዳቤው ጀርባ በስቴፕለር መታነው። የተቀበለን ሰው ገለጥ ገለጥ አደረገና "ይሄ ፊርማ እኮ ለምን እንደሆነ አይናገርም፣ ለሰርግ ጥሪም ሊሆን ይችላል" አለን። ሳቅን፣ ግን ልክ ነበር። ስለዚ፦

1. እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።
2. ገጽ 1 ከ12፣ ገጽ 2 ከ12 እያላችሁ ቁጠሩ።
3. ስም፣ ጎጥ፣ ፊርማ ወይ አሻራ። ስልክ ቁጥር አትጠይቁ፣ አያስፈልግም፣ ዝርዝሩ የማይሆን እጅ ቢገባ ሰው ትጎዳላችሁ።
4. ልጅ ለአባቱ አይፈርም። አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተደጋግሞ ከታየ ሁሉም ፊርማ ይጠረጠራል።
5. የፊርማውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጣሉ። በፍጹም።

ደረጃ 4፦ ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። "ከጥንት ጀምሮ ለሀገሩ ዳር ድንበር ሲዋደቅ የኖረው ሕዝባችን" የሚለውን አውጡት፣ አንባቢው እሱ ጋ ሲደርስ ያዛጋል። መልኩ ይሄ ነው፦

ለ......... ወረዳ አስተዳደር ጽ/ቤት
ጉዳዩ፦ በ......... ቀበሌ በ......... ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ በቀጣዩ በጀት ዓመት እንዲያዝልን ስለመጠየቅ
በቀን ......... በተደረገ የነዋሪዎች ስብሰባ (ቃለ ጉባኤ ተያይዟል) ......... ነዋሪዎች ፈርመን ይህን ጥያቄ አቅርበናል። በክረምት ......... ተማሪዎች ከትምህርት ይቀራሉ፤ ......... አባወራዎች ወደ ጤና ጣቢያና ገበያ መሻገር አይችሉም። ነዋሪው ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ለማቅረብ ተስማምቷል። ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ ቦታው እንዲታይና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።
አባሪ፦ ቃለ ጉባኤ ... ገጽ፣ ፊርማ ... ገጽ፣ ፎቶ ...
ግልባጭ፦ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽ/ቤት፣ ለወረዳው መንገድ ጽ/ቤት፣ ለቀበሌው አስተዳደር

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ "ባለሙያ ተልኮ እንዲታይ" የሚለው ትንሽ ጥያቄ ነው፣ እምቢ ለማለት ይከብዳል፣ ባለሙያው ከመጣ ግን የወጪ ግምት ይወጣል፣ ግምት የሌለው ነገር ደሞ በጀት ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ ግልባጭ ላይ ሚዲያ አትጻፉ። ገና ሳትጠይቁ ማስፈራራት ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ማስገባትና መከታተል

ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጁ አትስጡት። ቡና እየጠጣ ተቀብሏችሁ፣ "እሺ አያ፣ አየዋለሁ" ብሏችሁ ኪሱ ያስገባዋል፣ ከዛ ኮቱን ይቀይራል።

መዝገብ ቤት ሂዱ። ሁለት ኮፒ ያዙ። መዝገብ ቤት የምትቀመጠዋ ሴትዮ ከኃላፊው ትበልጥባችኋለች፣ ሰላም በሏት፣ አታጣድፏት። ዋናውን ትቀበላለች፣ ገቢ መዝገብ ላይ ትመዘግባለች፣ ከዛ የናንተ ኮፒ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም እንድታደርግላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሳታዩ ከበሩ አትውጡ።

አንቀበልም ከተባለ፦ "ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጠን" በሉ፣ ድምጻችሁን ሳትጨምሩ። ካልሆነ አፈ ጉባኤ ጽ/ቤት አስገቡ፣ እዛም መዝገብ አለ። እዛም እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩት፣ ደረሰኙ ማስረጃ ነው።

ክትትሉ ላይ "ምን ደረሰ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ምን ደረሰ" የሚል ጥያቄ "እየታየ ነው" የሚል መልስ ነው የሚወልደው። እንዲ ጠይቁ፦ "ቁጥር እንዲህ፣ በዚህ ቀን የገባ፣ ለማን ተመራ? ምን ተብሎ ተመራ?" ደብዳቤው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ መሪ ቃል አለ። "ለመረጃ ይያዝ" ከሆነ ሞቷል፣ ተመልሳችሁ ኃላፊውን አናግሩ። "ታይቶ ሪፖርት ይቅረብ" ከሆነ በሕይወት አለ፣ የተመራለትን ባለሙያ ስም ያዙና በሁለት ሳምንት አንዴ ሂዱ። ሁሌም ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ እየተፈራረቃችሁ። የተባለውን በዛው ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። ኔትወርክ አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ጠፍቶብን ያውቃል እኮ፣ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ፓርቲው

አሁን ወደ ከባዱ። ብዙ ሰው የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ቀን ተሰልፎ ይሄዳል፣ እዛ ክርክር የሚደረግ መስሎት። ምክር ቤቱ ላይ እጅ የሚወጣበት ነገር በፊት የተነጋገሩበት ነው፣ በካቢኔ፣ ከዛም በፊት በፓርቲ መድረክ። ሰኔ 14 ቀን 2013 የተደረገውን ምርጫ ውጤት አስታውሱ፣ ሐምሌ ላይ ይፋ ሲሆን ተወካዮች ምክር ቤት ላይ ብልጽግና 410 መቀመጫ፣ አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) 5። ወረዳ ስትወርዱ ሚዛኑ የተለየ አይደለም። ይሄን የምለው ለመክሰስ አይደለም፣ በሩ የት እንዳለ ለማሳየት ነው፦ አንድ ፓርቲ በብዛት በያዘው ምክር ቤት ጥያቄያችሁ መድረስ ያለበት አጀንዳው ከመዘጋቱ በፊት ነው።

1. ኮሚቴው ውስጥ ያለው የፓርቲ አባል ጥያቄውን በህዋሱ (በፓርቲው የታችኛው ቡድን) ስብሰባ ያንሳው። ወደ ላይ በሚሄደው ሪፖርት ውስጥ "የሕዝብ ጥያቄ" ተብሎ እንዲገባ። የደብዳቤውን ቁጥር ይጥቀስ።
2. የቀበሌያችሁን የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ በስሙ አግኙት። አብዛኛው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። ቤቱ ሂዱ፣ ኮፒ ስጡት፣ "በጉባኤው ጠይቅልን" ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ስጡት። ለምሳሌ "ቁጥር እንዲህ በሆነው ደብዳቤ የወጪ ግምት መቼ ይወጣል?" ሰውዬው ገበሬ ነው፣ የራሱ ሥራ አለው፣ አዘጋጅታችሁ ስትሰጡት ደስ ይለዋል።
3. ጉዳዩ የክልል ከሆነ የክልል ምክር ቤት ተመራጭ፣ የፌደራል ከሆነ የተወካዮች ምክር ቤት ተመራጭ። ምክር ቤቱ ካለው 547 መቀመጫ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው፣ አንዱ የናንተ ነው። ጉባኤው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሠራው፣ ከዛ በኋላ በክረምቱ መራጩን ለማነጋገር የሚወርዱበት ጊዜ አለ። ስብሰባው ላይ ማይኩን ለማን እንደምትሰጡ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ደቂቃ።
4. ተቃዋሚ ፓርቲ በአካባቢው ጽ/ቤት ካለው ያንኑ ኮፒ፣ ያንኑ ቃል ስጡት። ለአንዱ የምትነግሩት ለሌላው ከምትነግሩት አይለይ። ፓርቲው በስሙ መግለጫ ሊያወጣበት ከፈለገ "የነዋሪው ጥያቄ" ብሎ እንዲጠቅስ እንጂ የኮሚቴ አባል ስም እንዳይጠራ ለምኑት።

ከተበላሸ፦ "ከጀርባችሁ ማን አለ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ አይቀርም። አትቆጡ። ቃለ ጉባኤውን አውጡና "እነዚህ አሉ" በሉ። ሌላው አደጋ ደሞ መወደስ ነው፤ ኮሚቴውን ጠርተው ለሌላ ስብሰባ፣ ለድጋፍ ሰልፍ፣ ለፎቶ ይፈልጓችኋል። አንዴ ከሄዳችሁ ግማሹ ሰፈር ይለያችኋል። እኛ "የተወከልነው ለድልድይ ብቻ ነው" ብለን ተመለስን፣ አስተዳዳሪው ፊቱን አጠቆረ ግን ያዘው።

ደረጃ 7፦ ማህበራት

ብቻውን የሚጮህ ጎጥ ቀላል ነው። ከጎናችሁ ማን ጥቅም አለው? ድልድዩ ከሌለ የመሠረታዊ ማህበሩ እህል አይሻገርም፣ የባጃጅ ማህበሩ መንገደኛ አያገኝም፣ መምህራኑ ባዶ ክፍል ያስተምራሉ። ከእያንዳንዱ የግማሽ ገጽ ድጋፍ ደብዳቤ በማህተም ውሰዱ። አንድ የዩኒየን ደብዳቤ ከመቶ ፊርማ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም ወረዳው ማዳበሪያና ምርት ላይ ከዩኒየኑ ጋር በየቀኑ ነው የሚሠራው።

ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና ውጭ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ይረዳሉ፣ ግን ብራቸውን ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ፦ የሦስት ሰው ፊርማ ያለው የባንክ ሒሳብ፣ እና "ገንዘብ ያዋጣ ሰው ጥያቄውን አይቀይርም" የሚል በቃለ ጉባኤ የተያዘ ውሳኔ። ውጭ ያለው ወንድማችን ልቡ እዚህ ነው፣ ግን ማታ ዩትዩብ ላይ ያየውን ጠዋት ኮሚቴው እንዲል ይፈልጋል። መልሱን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 8፦ ሚዲያ

ሚዲያን ከፓርቲውና ከማህበራቱ በኋላ ያደረግኩበት ምክንያት ፍርሃት አይደለም። ጋዜጠኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ለወረዳው አሳውቃችኋል? ምን መለሱላችሁ?" ነው። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ካሳያችሁት ዜና አለው፣ ካላሳያችሁት ብሶት ብቻ ነው ያለው።

የትኛው ሚዲያ?

አሚኮ (አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) የክልሉ መንግሥት ነው፣ ሬዲዮም ቲቪም በኩር ጋዜጣም አለው። የክልሉን ፖሊሲ እንዲተችላችሁ አትጠብቁ፣ ግን "የወረዳ አገልግሎት አልደረሰንም" የሚለውን ይሠራዋል፣ ወረዳው ደሞ ክልሉ የሚያዳምጠው ሬዲዮ ላይ ስሙ ሲነሳ አይወድም። ለድልድይ ከዚህ የተሻለ የለም። ሬዲዮ ከቲቪ ይሻላል፣ ገበሬውም ኃላፊውም መኪና ውስጥ ይሰማዋል። የአዲስ አበባ የግል ጣቢያ ለአንድ የእግረኛ ድልድይ ካሜራ ይዞ አይመጣም፣ ቅር አይበላችሁ። ዩትዩብ ቻናል ግን ይመጣል፣ ቶሎ ይመጣል፣ ችግሩ ርዕሱን የምትጽፉት እናንተ አለመሆናችሁ ነው።

ያየነውን ልንገራችሁ። ኮሚቴያችን ውስጥ ያለው ልጅ የሁለት ደቂቃ ንጹሕ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ልጆች ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲሻገሩ። አንድ ከሩቅ ያለ ቻናል ወሰደውና "ሕዝቡ በወረዳው ላይ ተነሳ" ብሎ ለጠፈው። በማግስቱ አንድ በአንድ ተጠራን። ሦስት ሰው ከኮሚቴው ወጣ። ልጁ እስካሁን ስልኩን ሲያወጣ እጁ ይሰንፋል።

ስለዚ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፦

1. ደብዳቤው ከገባ 30 ቀን ይሙላው። ከዛ አንድ ማስታወሻ ደብዳቤ አስገቡ፣ ያንን ቁጥር ጠቅሳችሁ።
2. ለጋዜጠኛው አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ ቦታው፣ ቁጥሮቹ፣ የደብዳቤዎቹ ቁጥርና ቀን፣ መልስ መስጠት ያለበት ጽ/ቤት።
3. ሦስት ተናጋሪ ምረጡ፦ ተማሪ (ከወላጁ ፈቃድ ጋር)፣ እናት፣ ሽማግሌ። ያዩትን ብቻ ይናገሩ። "መንግሥት እንዲህ ነው" የሚል ፍርድ አይጨምሩ፣ "ባለፈው ክረምት ስምንት ሳምንት አልተሻገርንም" ይበሉ።
4. ኃላፊው መልስ እንዲሰጥ ራሳችሁ ጠይቁ። በሬዲዮ "በቀጣዩ በጀት እንይዛለን" ያለበትን ቀንና ፕሮግራም መዝግቡ፣ ቀጣዩ ደብዳቤያችሁ ላይ ትጠቅሱታላችሁ። ሚዲያ ድልድይ አይሠራም፣ ቃል ነው የሚያስገባላችሁ።
5. ዘገባው ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንዲወጣ ጣሩ፣ ዕቅዱ ገና ክፍት እያለ።

ራሳችሁ ፖስት ስታደርጉ፦ ቁጥር አታጋንኑ። አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ያስቀጣል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። አንድ ልጅ ወንዝ ወስዶት ከሆነ አንድ በሉ። ኮሜንት ላይ ስድብና የብሔር ነገር ከገባ አጥፉ፣ የማትቆጣጠሩት ከሆነ ኮሜንቱን ዝጉት።

ርዕሱ ከተጣመመባችሁ፦ በዛው ቀን ስክሪንሾት ያዙ፣ ለቻናሉ እንዲያርም በጽሑፍ ጠይቁ (ፈቃድ ያለው ሚዲያ ከሆነ አዋጅ 1238/2013 መልስ የመስጠት መብት ይሰጣችኋል)፣ ከዛ ሳይመሽ ለወረዳው "የኛ ጥያቄ በቁጥር እንዲህ የገባው ብቻ ነው" የሚል የሦስት መስመር ደብዳቤ አስገቡ። እኛ ይሄን ያደረግነው ከአምስት ቀን በኋላ ነበር፣ ዘግይቷል።

ደረጃ 9፦ ሁሉም በር ከተዘጋ

- መረጃ ጠይቁ። በአዋጅ 590/2000 መሠረት የወረዳው ሕዝብ ግንኙነት "ለዚህ ቀበሌ ምን በጀት ተያዘ?" ለሚል የጽሑፍ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።
- የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ስትሄዱ የሁሉንም ደብዳቤ ኮፒ ከነቁጥሩ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ከታች ጨርሳችሁ እንደመጣችሁ ነው።
- ሰላማዊ ሰልፍ በሕግ የሚጠየቀው የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማሳወቂያ ነው፣ አዋጅ 3/1983። መብቱ አለ። እኔ ግን ባሁኑ ሁኔታ አልመክርም፣ ለድልድይ ብላችሁ የሰው ልጅ መንገድ ላይ አታውጡ።

ደረጃ 10፦ "ተፈቅዷል" ሲባል

አታጨብጭቡ ገና። "በዕቅድ ተይዟል" እና "በጀት ተይዟል" ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ነው፣ ሁለተኛው ብር ነው። ምክር ቤቱ ካጸደቀው በጀት ውስጥ የድልድዩን ስምና ገንዘቡን አሳዩን በሉ። ነዋሪው የሚያዋጣው ካለ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አንድ ብር አትስጡ፣ ድንጋይና አሸዋውንም ስንት ቢያጆ እንደገባ እየቆጠራችሁ አስፈርሙ። ሥራ ሲጀመር ከኮሚቴው አንድ ሰው በየቀኑ ቦታው ላይ ይገኝ፣ ሲሚንቶው ሲወርድ በተለይ።

የኛው ከሁለት በጀት ዓመት በኋላ ተሠርቷል፣ ልጆቹ ይሻገሩበታል። በግራ በኩል ያለው መያዣ ብረት ግን ሳይገጠም ቀርቷል፣ ለሱ ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ አስገብተናል፣ ቁጥሩ ደብተሬ ላይ አለ፣ የፊታችን ማክሰኞ ለማን እንደተመራ ልጠይቅ እሄዳለሁ።